አሰልጣኝ የሞላበት ሰፈር

አሰላ ላይ ቧንቧ ሠራተኛ ከፈለጋችሁ ሳምንት ትጠብቃላችሁ። አናጺው «ነገ በጠዋት» ብሏችሁ ይሄዳል፤ የየትኛው ዓመት ነገ እንደሆነ ግን አይናገርም። አሰልጣኝ ግን በሽ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከዲኤስቲቪ ቤቶቹ ወደ አንዱ ጎራ በሉ፤ አንድ አግዳሚ ላይ ስምንት ኮች ተጨናንቆ ታገኛላችሁ። ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆሞ የሚታየው ዘጠነኛው ነው፤ ከሁሉም ምንም የማያውቀውም እሱ ነው።

እኔ ለኳስ ብር አውጥቼ አላውቅም። ቤቴ ግን ከአንዱ ማሳያ ቤት ጋር በአንድ ቆርቆሮ ስለሚዋሰን ምስሉን ለከፋዮቹ ትቼ ድምፁን በነጻ እከታተላለሁ። ሽንኩርቴን እያቁላላሁ ማን ቀይ እንዳየ፣ ማን ከጨዋታ ውጭ እንደሆነ፣ የዳኛው እናት ምን ዓይነት ሴት እንደነበሩ ሁሉ እሰማለሁ።

ከኅዳር 2017 ወዲህ በቆርቆሮው የሚያልፈው ወሬ አንድ ብቻ ሆነ፤ ሦስት-አራት-ሦስት። ሩበን አሞሪም የተባለ ፖርቱጋላዊ ማንቸስተር ዩናይትድን ተረከበና ያገኘው ተጫዋች ማንም ይሁን ማን በሦስት ተከላካይ ካልሆነ አላሰልፍም አለ። ቡድኑ ሊጉን 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። ነሐሴ ላይ ደግሞ በአራተኛው ዲቪዚዮን በሚጫወተው ግሪምስቢ ታውን በመለያ ምት ተሸንፎ ከሊግ ካፑ ወጣ። ሰውየው ይባስ ብሎ የሮማው ጳጳስም ቢመጡ አያስቀይሩኝም አለ።

ያን ሰሞን ከሁሉም ድምፁ የሚሰማው ስንዴ ነጋዴው ጎረቤቴ ነበር። «ባለህ ሰው ነው የምትጫወተው! የኩሉምሳ ምርምር እንኳ ለደጋው ሌላ፣ ለቆላው ሌላ ዘር ነው የሚያወጣው! ምን ዓይነት ግትር ነው!» እያለ አግዳሚውን ሲደበድበው የእኔ ድስት ክዳን ይነጥራል። ልክ ነው ብዬ ወደ ቆርቆሮው ራሴን ነቀነቅኩ። በዚያው ቅጽበት ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት፤ ልጁ ሶሻል ሳይንስ እገባለሁ ብሏል።

«ምን? እኔ ቤት ሶሻል የለም! ናቹራል አልኩ፣ ናቹራል ነው!»

ልጁን አውቀዋለሁ። የሒሳብ ደብተር ሲያይ ሆዱን ይቆርጠዋል። የአድዋን ጦርነት ሲያወራላችሁ ግን ባሩዱ ይሸታችኋል። አባት ሆዬ ሲስተም አለው፤ የመጀመሪያው ልጅ ሐኪም፣ ሁለተኛው ኢንጂነር፣ ሦስተኛው ፓይለት። አንድ-አንድ-አንድ። «ጳጳሱ ቢመጡስ?» ብዬ በቆርቆሮው ልጠይቀው አሰብኩ፤ ግን ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ።

ደግሞስ «ተለወጥ» ማለት ለተመልካች ቀላል ነው። የቶተንሃሙ አንጅ ፖስቴኮግሉ ዓመቱን ሙሉ ከማጥቃት ሌላ አላውቅም ብሎ ቡድኑን 17ኛ አደረገው። ግንቦት 13 ቀን 2017 ቢልባኦ ላይ በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ከዚያው ከዩናይትድ ጋር ሲገናኝ ግን ልብ ገዛ። ልጆቹን ወደ ኋላ ሰብስቦ፣ ተከላክሎ፣ 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ። በ16ኛው ቀን ተባረረ። ያልተለወጠውና የተሸነፈው ደግሞ ለጊዜው ወንበሩ ላይ ቀረ። ስምንቱ ኮቾች ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው ሻይ አዘዙ።

አገር ቤት ስንገባ ክርክሩ ሲስተም መሆኑ ይቀርና ቁመት ይሆናል። ኢትዮጵያ ቡና በ2003 በውበቱ አባተ አሰልጣኝነት ኳሱን መሬት ላይ እያንሸራሸረ ሊጉን ሲወስድ፣ «የእኛ ልጅ አጭር ነው፣ ቀላል ነው፣ አጭር ቅብብል ነው የሚያምርበት» ያላለ አልነበረም። ጥር 2005 ላይ ሰውነት ቢሻው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቁት ብሔራዊ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ገባ። በመጀመሪያው ጨዋታ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጥቶ፣ በአሥር ሰው፣ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር አዳነ ግርማ ባገባት ጎል 1 ለ 1 ወጣን። ያን ማታ አሰላ ውስጥ ከ1 ሜትር ከ90 በታች የሆነ ሰው አልነበረም። በአራተኛው ቀን ቡርኪናፋሶ 4 ለ 0 ሲያሸንፈን ሁላችንም ባንድ ሌሊት አጠርን። «በዚህ ቁመት ምን ይደረጋል? አሰልጣኙ ይህን አያይም?» ተባለ። ያው ልጆች፣ ያው ጫማ፣ ያው አሰልጣኝ። ቆይቶ በ2006 ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጣ፣ በ2007 ሄደ። ቁመታችን እንዳለ ነው።

ቁመት ካነሳን ዘንዳ የሰፈራችንን ረጅም ልጅ ላንሳላችሁ። መከረኛ ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ባንክ ወረፋ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር፣ «ቅርጫት ኳስ ትጫወታለህ?» የማይለው የለም። ልጁ ሞባይል ጠጋኝ ነው። ሲመስለኝ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚሠራበትን ሙያ የመረጠው ሰው ቁመቱን እንዳያይበት ነው። በመጨረሻ ጎትተው ወሰዱት። ሰፈራችን ውስጥ ቀለበቱ ወደ አንድ ጎን የተጣመመ አሮጌ ምሰሶ አለ፤ እዚያ ልጆች የሚሰበስብ አንድ ወጣት ኮች አለ፤ ትምህርቱን በሙሉ ያገኘው ከስልኩ ነው። ስልኩ ውስጥ ያለው ደግሞ ስቴፈን ከሪ ብቻ ነው። እና ሁሉም ከሩቅ ይወርውር ተባለ።

አሰልጣኝ ስቲቭ ኬር ጎልደን ስቴት ላይ ያን አጨዋወት የሠራው ከሪን የሚያህል ወርዋሪ ስላገኘ ነው። የእኛው ኮች ያገኘው ግን ክንዱን ቢዘረጋ ቀለበቱን የሚነካ ልጅ ነበር። ከሥሩ አቁሞ ኳስ ቢያቀብለው በቃ፣ ማስቀመጥ ነው። እሱ እቴ! «ወደ ኋላ! ከመስመሩ ውጭ!» ይላል። ከጭላሎ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ኳሷን ከአየር ላይ እየተቀበለ ከአጥሩ ማዶ ያለ ጎመን ላይ ያሳርፋታል። የዚያ በጋ ኮከብ ጎል አግቢ የጎመን መደቡ ነው።

ትልልቆቹም ከዚህ በሽታ አልዳኑም። ፊል ጃክሰን ትሪያንግል በሚሉት አጨዋወት ከማይክል ጆርዳን፣ ቀጥሎም ከኮቢ ብራያንት ጋር በአሰልጣኝነት 11 ሻምፒዮና በላ። እ.ኤ.አ. በ2014 የኒውዮርክ ኒክስ ፕሬዚዳንት ሲሆን ያንኑ ሦስት ማዕዘን አጥፎ በሻንጣው ይዞ ገባ፤ ጆርዳን ግን ሻንጣው ውስጥ አልነበረም። እስከ 2017 በቆየባቸው ሦስት የውድድር ዘመናት ቡድኑ አንድም ጊዜ ጥሎ ማለፉ ውስጥ አልገባም። ፓት ራይሊን ደግሞ እዩ። ሎስ አንጀለስ ላይ ከማጂክ ጆንሰን ጋር ሲሠራ ሩጫ፣ ፍጥነት፣ ትርኢት ነበር። ኒውዮርክ ሄዶ ፓትሪክ ኢዊንግንና ግዙፍ ግዙፍ ጓደኞቹን ሲያገኝ ጨዋታውን አዘገየው፣ አከበደው፣ ግፊያ በግፊያ አደረገው፤ እ.ኤ.አ. በ1994ም እስከ ፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ አደረሳቸው። አጨዋወቱን ከላይ እስከ ታች ሲለውጥ ያልነካት ነገር ወደ ኋላ የተለጠጠች ፀጉሩን ብቻ ናት።

ቅርጫት ኳሱ ይቆየን። አርሲ ውስጥ እውነተኛው ጣጣ ሩጫ ነው። እዚህ ሲወለዱ ቀጭን መሆን አደጋ አለው፤ ገና ክርስትና ሳይነሱ «ቀነኒሳ» ይሏችኋል። አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ ስሄድ ከአሰላ መምጣቴ ከታወቀ ታክሲ የሚይዝልኝ የለም። «ምን አላት፣ አርሲ አይደለች? ሮጣ ትደርሳለች!» ይላሉ። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ መኖር ሳንባ ያሰፋል የሚሉት ነገር አለ። ከገበያ ዘንቢል ይዤ ዳገቱን ስወጣ ላየኝ ሰው፣ ሳንባ ሲታደል እኔ ወረፋ ስቼ እንደነበር ይገባዋል።

አንዲት ጎረቤቴ ልጇን ሯጭ ልታደርግ ቆርጣ ተነሳች። ልጁ ሞላ ያለ፣ ዳቦ ወዳድ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ውርጩ ጆሮ በሚቆርጥበት ሰዓት፣ ብርድ ልብሱን ገፍፋ ታስወጣዋለች። «ጥሩነሽ እሱን ብትሆን ትተኛ ነበር?» ብላ ብትጠይቀኝ እኔ ምን እመልሳለሁ? እዚሁ ከተማችን ውስጥ በጥሩነሽ ዲባባ ስም ማሰልጠኛ ማዕከል ቆሟል፤ ልጇ በሩን ሳይረግጥ ቢቀር ቀዬውን ያዋረደች ይመስላታል። ልጁ ታዲያ እስከ መታጠፊያው በደንብ ይሮጣል። ከመታጠፊያው ወዲያ ዳቦ ቤት አለ። ይገባል። ምድጃው ይሞቃል፣ የመጀመሪያው ዳቦ ይወጣል፣ ይበላል። ከዚያ ፊቱን ውኃ ረጭቶ፣ እያለከለከ፣ እናቱ በር ላይ ሞባይሏን ይዛ ሰዓት ወደምትይዝበት ይመጣል። ሰዓቱ በየሳምንቱ ይሻሻል ነበር። ጋጋሪው እየለመደው ስለመጣ ዳቦውን ቶሎ ያቀርብለታላ!

ኪሎውም አብሮ መሻሻሉን እናትየው ጡንቻ ነው ትላለች።

ሯጭ ከሚወጣበት ቦታ የሆነውን ብታዩ እኮ ሌላ ነው። ከአሰላ ወደ ደቡብ፣ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው በቆጂ ውስጥ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ፣ የስፖርት መምህር የነበሩ አሰልጣኝ አሉ። የሐረር ሰው ናቸው፤ ልጅ ሆነው ያሳደዱት ኳስ ነበር እንጂ ሩጫ አልነበረም። ፈረንጁም ያገሬውም ሰው ምስጢሩን ፍለጋ ካሜራ ተሸክሞ ይሄዳል። የሚያየው ማለዳ፣ ብርድ፣ ባሕር ዛፍ ውስጥ እየተጠማዘዙ የሚሮጡ ልጆች ነው። «አሃ፣ ምስጢሩ ባሕር ዛፉ ነው!» ብሎ ይመለሳል። የሰፈሬ ኮችም ይህን ሰምቶ ችግኝ አፍልቷል።

ከዚያው አካባቢ የወጡትን ግን አንድ በአንድ ቁጠሯቸው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር አሸነፈች፤ ወልዳ ተመልሳ በ1993 ሲድኒ ላይ ደገመችው፤ በ2002 ደግሞ በ37 ዓመቷ ኒውዮርክ ማራቶንን ወሰደች። ፋጡማ ሮባ ትራኩን ትታ አስፋልቱን መረጠች፤ በ1988 አትላንታ ላይ ኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ቀነኒሳና ጥሩነሽ ደግሞ ሌላውን ሁሉ በልባቸው እየሳቁ ይመስል ይከተሉና የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ይሰናበቱታል፤ በ2000 ቤጂንግ ላይ ሁለቱም 5,000ንም 10,000ንም ጠቀለሉ። እነዚህን ሁሉ ባንድ ልክ ሊቆርጣቸው የተነሳ አሰልጣኝ ቢገጥማቸው ኖሮ ዛሬ ሜዳሊያ ሳይሆን ሱቅ ነበር የሚኖራቸው።

ኃይሌ ገብረሥላሴ ደግሞ አለላችሁ፤ የዚሁ የእኛው የአሰላ ልጅ። ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የለመደባት ያቺ የታጠፈች ግራ ክንዱ ታዳጊም ሆኖ፣ ሻምፒዮንም ሆኖ፣ እንደታጠፈች አብራው ሮጠች። በ1988 አትላንታ ላይ አሸነፈ፤ በ1993 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀደመው። በእኛ ሰፈር ኮች እጅ ወድቆ ቢሆን መጀመሪያ ክንዱን ያቃኑለት ነበር። ከዚያ አምስተኛ ይወጣ ነበር።

ምራቴ ይህን ስናገር ሰምታ ሳቀች። ግራኝ ናት። ጀበናውን በግራ እጇ አንስታ ስትቀዳ አንዲት ጠብታ አትንጠባጠብም፤ በቀኝ ያዢው ያልኳት ቀን ረከቦቱ ላይ የቀረ ደረቅ ቦታ አልነበረም። ስንቴ ነግሬያታለሁ፤ አሁንም እነግራታለሁ። «ኃይሌን ግን ተውት አሉ አይደል፣ እማማ?» አለችኝ። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ይሄ ቡና ነው።

ወንዶቹን ብቻ አማች እንዳትሉኝ ደግሞ ወደ ሴቶቹ እድር ልውሰዳችሁ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ መዝገቡም ማኅተሙም እኔ ጋ ነው። በደንባችን ሥራ በተራ ነው። ተራ ደግሞ የሰው እጅ አያይም። ባለፈው ለቅሶ ላይ ከአሰላ እስከ ኢተያ ወጣቸው የሚመሰገን አሮጊት ሳህን ቆጠራ ደረሳቸው። ሽሮ የምታሳርር ወጣት ደግሞ የትልቁ ድስት ተራ ደረሳት። ሳቋን መቆጣጠር የማትችለዋ ጎረቤታችን ከሐዘንተኛዋ ጎን እንድትቀመጥ ተመደበች። አሮጊቷ ማማሰያውን ከልጅቷ እጅ ሊቀበሉ ሲጠጉ መዝገቤን ይዤ ደረስኩ።

«አዴ፣ የእርስዎ ወጥ እንዴት እንደሚጥም እናውቃለን። ተራዎ ግን ሳህን ነው።»

«ልጄ፣ ድስቱ እያረረ ነው እኮ!»

«ደንቡ ግን አላረረም፣ አዴ።»

አዴ ሳህናቸውን ቆጠሩ። አንድም አልጎደለም። ወጡ ቀረበ። በርበሬው አልበሰለም፣ ሥሩ አሯል፣ ጨው ሁለቴ ገብቷል። ለቀስተኛው አንድ ጉርሻ ሲጎርስ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ በቀብሩ ላይ ደረቅ ብለው የዋሉ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። ሐዘንተኛዋ ይህን አይታ፣ «ለካ እንዲህ ነው የሚወዱት!» ብላ አዲስ ለቅሶ ጀመረች። ከጎኗ ያለችው ደግሞ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ በኋላ «ሥራ እንደ ችሎታ ይደልደል» የሚል ማመልከቻ በሰባት ሴቶች ተፈርሞ መጥቶልኛል። ደርሶኛል ብዬ ማኅተም አድርጌበታለሁ። ተራው እንደጸና ነው።

ሲስተም የሚባል ጨርሶ የሌለውም አለ፤ እሱንም አይቻለሁ። መንገድ ዳር ያለች አንዲት ቤት ጥቅምት ላይ ጁስ ቤት ነበረች። ሰው ሻይ ሲጠይቅ ሻይ ቤት ሆነች። ታኅሣሥ ላይ አንዷ ሸሚዝ አለ ወይ ብትል ቡቲክ ሆነች። ፋሲካ ሲቀርብ ሥጋ ተሰቀለባት። ባለቤቱ ለመጣ ሁሉ የሚታዘዝ፣ ለስላሳ፣ መልካም ሰው ነው። አሁን በሩ ላይ «የሚከራይ ቤት» የሚል ጽሑፍ አለ፤ እንደ ንግድ ካየነው እስካሁን ብዙ የቆየው እሱ ነው።

ማንም ባይጠይቀኝም፣ ቆርቆሮው ለሁለታችንም ስለሆነ ፍርዴን ልስጥ። በቆጂ ላይ ማለዳ መነሳት ለሁሉም አንድ ነው፤ «እኔ ረፋድ ላይ ነው የሚመቸኝ» የሚል የለም። ከተነሱ በኋላ ግን ማን አጭር፣ ማን ረጅም፣ ማን አስፋልት እንደሚሮጥ የሚወስነው የልጁ እግር ነው። አሰልጣኙም ቆሞ እግሩን ያያል። አሞሪምም፣ ስንዴ ነጋዴውም፣ ከስልኩ የተማረው ኮችም ተጫዋቹን ይዩ። እድሩ ደንብ ስላለው በዚህ ውስጥ አይካተትም።

አንቺ ደግሞ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በር ላይ ሞባይል ይዘሽ የምትንቀጠቀጪው ጎረቤቴ፣ ልጅሽ ከመታጠፊያው ወዲያ ካለው ዳቦ ቤት ነው ያለው። አሁንማ መብላቱን ትቶ ማቡካት ጀምሯል፤ ጋጋሪው እጁ ጥሩ ነው ይላል። ልትመልሺው ስትሄጂ ለእኔም አምስት ዳቦ ያዢልኝ።